ፕሮግራም ቀኑን ይነገረው እንጂ ራሱ አይመልከት

በትምህርት ቤታችን መጽሔት ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጤና አጠባበቅ፣ ስለ ፎገራ ሩዝና ስለ ጣና ሐይቅ መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን ትንሽ ለየት ያለ ነው። ይኸውም በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ የቀንና የሰዓት ነገር እንዴት መያዝ እንዳለበት ነው። ርእሱ የጥቂት ሰዎች ሙያ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን ቀን የሚቈጥር ፕሮግራም ዛሬ በባንክ፣ በጤና ተቋም፣ በግብር መሥሪያ ቤትና በተማሪዎች መዝገብ ውስጥ ስለ ገባ፣ ነገሩ ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቀውን ሰው ሳይቀር የሚመለከት ሆኗል።

ሐሳቤን አስቀድሜ ባጭሩ ላስቀምጥ። ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ ከኮምፒዩተሩ ሰዓት በራሱ እጅ መውሰድ የለበትም፤ ቀኑ ከውጭ ሊሰጠው ይገባል። እንዲህ ካልሆነ ፕሮግራሙን በሚገባ መፈተን አይቻልም፤ ያልተፈተነ ፕሮግራም ደግሞ በሰው ላይ ፍርድ ሊሰጥ አይገባውም።

ነገሩን ለማያውቁት አንባብያን ስል ከመጀመሪያው ልጀምር። በፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ «ዩኒት ቴስት» የሚባል መልካም ልማድ አለ። ትርጓሜውም የፕሮግራሙን እያንዳንዱን ትንሽ ክፍል ለብቻው አውጥቶ፣ መልሱ አስቀድሞ በታወቀ ጥያቄ መፈተን ማለት ነው። መምህር ተማሪውን «7 ጊዜ 8 ስንት ነው?» ሲለው መልሱን ራሱ ያውቀዋል፤ የሚጠይቀው ተማሪው ማወቁን ለማረጋገጥ ነው። እንደዚሁም ፕሮግራም ጸሐፊው መልሳቸውን የሚያውቃቸውን ጥያቄዎች ደርድሮ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ በተነካ ቍጥር ኮምፒዩተሩ ሁሉንም በጥቂት ሰኮንድ ይጠይቅና የተሳሳተውን ያሳያል። የዚህ ዐይነቱ ፈተና ዋና ጠባይ ዛሬም ሆነ ነገ፣ በወረታም ሆነ በአዲስ አበባ፣ አንድ ዐይነት መልስ መስጠቱ ነው። 56 ሁልጊዜ 56 ነው።

ጊዜ ሲገባበት ግን ይህ ጠባይ ይፈርሳል። «ይህ ሰው የዕዳው ቀን አልፎበታልን?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ እንደ ተጠየቀበት ቀን ይለዋወጣል። ፕሮግራሙ ጥያቄ በቀረበለት ቍጥር ወደ ኮምፒዩተሩ ሰዓት ዞር ብሎ የሚያይ ከሆነ፣ በኅዳር ልክ የነበረው ፈተና አንዲት ፊደል ሳትለወጥ በታኅሣሥ ስሕተት ይሆናል። ከዚህ የከፋም አለ። ስሕተቱ በዓመት ውስጥ በጥቂት ቀኖች ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ በቀሩት ቀኖች ሁሉ ፈተናው «ልክ ነው» እያለ ጸሐፊውን ያዘናጋዋል።

ይህን በራሳችን አገር ምሳሌ ላስረዳ። የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በሚገኝባት በወረታ ዙሪያ፣ በፎገራ ሜዳ፣ ሩዝ በሰኔ ገደማ ይዘራል፤ አጨዳውም በኅዳርና በታኅሣሥ ይሆናል። ስለዚህ ለዘር ወይም ለማዳበሪያ የሚወሰድ ብድር በክረምት መግቢያ ተወስዶ እህሉ ሲገባ የሚመለስ ነው። በመካከሉም ጳጉሜንን ሳይሻገር አያልፍም።

አንድ ገበሬ ሰኔ 15 ቀን 2015 ዓ.ም. «በ6 ወር እመልሳለሁ» ብሎ ተበደረ እንበል። ገበሬው በልቡ የሚይዘው ታኅሣሥ 15 ቀንን ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ግን «ወራችን 30 ቀን ነው፤ 6 ወር 180 ቀን ነው» ብሎ ጽፎታል። አብረን እንቍጠር። ከሰኔ የቀረው 15 ቀን፣ ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን፣ ጳጉሜን በዚያ ዓመት 6 ቀን፣ መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር 90 ቀን ናቸው። ድምሩ 171 ይሆናል፤ የጐደለው 9 ቀን ከታኅሣሥ ይወሰዳል። እንግዲህ 180ኛው ቀን ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። ገበሬው በቃሉ ጸንቶ ታኅሣሥ 15 ቀን ገንዘቡን ይዞ ቢመጣ፣ ፕሮግራሙ «6 ቀን ዘግይተሃል» ብሎ መቀጫ ይጽፍበታል። በሚቀጥለው ዓመት ጳጉሜን 5 ቀን ስለ ነበረች፣ የዚያው ዐይነት ብድር የሚያልፍበት ቀን ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ይሆናል፤ መቀጫውም የ5 ቀን።

በመስኮቱ ፊት የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም።

«ልጄ፣ 6 ወር አላላችሁኝም?»

«እኔ ምን ላድርግ አባቴ፤ ኮምፒዩተሩ ነው እንዲህ የሚለው።»

ክርክሩ በዚህ ያበቃል። ድሮ የተበዳሪውና የአበዳሪው ነገር በሽማግሌ ፊት በጣት ይቈጠር ነበር፤ የተሳሳተውም እዚያው ይታረም ነበር። ኮምፒዩተር ግን ጣት የለውም፤ ቢኖረውም ገበሬው አያየውም። ስለዚህ ቈጠራው ወደ መስኮቱ ከመድረሱ በፊት መፈተን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የዚያ ፕሮግራም ጸሐፊ ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ሰነፍም ላይሆን ይችላል። ምናልባት ሥራውን የሞከረው በጥር ነው። ጥር 15 ቀን የተወሰደ ብድር በ180ኛው ቀን ልክ ሐምሌ 15 ላይ ይውላል፤ 6 ወርና 180 ቀን አንድ ይሆናሉ። ሰውየው ያየው ሁሉ ትክክል ነበረ። ያላየው ጳጉሜንን ብቻ ነው።

«ታዲያ ጳጉሜን እስክትመጣ ጠብቆ ለምን አይሞክረውም?» የሚል ይኖር ይሆናል። በመጀመሪያ ነገር ጳጉሜን በምትመጣበት ጊዜ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ርብና ጉማራም ሞልተው በሜዳው ላይ የሚተኙበት ወራት ገና አላለፈም። ሁለተኛም ጳጉሜን 6 የምትገኘው በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ነው። በ2011 ዓ.ም. ነበረች፤ በ2015 ዓ.ም. ነበረች፤ ቀጥሎ ያለው ተራዋ 2019 ዓ.ም. ነው። አንድ ተማሪ 9ኛ ክፍል ገብቶ 12ኛን እስኪጨርስ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያገኛት ነው። በዚያች ቀን መብራት ቢጠፋ ሌላ 4 ዓመት ሊጠብቅ ነውን?

ሌሎች ደግሞ «የኮምፒዩተሩን ሰዓት ወደ ጳጉሜን 6 አዙረህ ሞክር» ይላሉ። ይህ ምክር ብልሃት ይመስላል፤ ጕዳቱ ግን ብዙ ነው። የኮምፒዩተሩ ሰዓት የአንድ ፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያሉት ሁሉ የሚያዩት የጋራ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሲዛባ የፋይሎች ቀን ይዛባል፤ የኢንተርኔት ገጾችም የታማኝነት ማረጋገጫቸው የቀን ገደብ ስላለው አንከፈትም ይላሉ። ደግሞም አንዱ ፈተና ጳጉሜን 6ን፣ ሌላው መስከረም 1ን ቢፈልግ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማካሄድ አይቻልም። በትምህርት ቤት ደግሞ ኮምፒዩተሩ የብዙ ተማሪዎች ስለ ሆነ፣ አንዱ አዙሮት ሳይመልሰው ቢሄድ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ የማያውቀው ችግር ውስጥ ይገባል። ያንድን ሰው ሥራ ለመፈተን የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ያለ ሰዓቱ መደወል ተገቢ አይደለም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? መድኃኒቱን ከሩቅ መፈለግ የለብንም፤ የአገራችን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ሲሠሩበት ኖረዋል። የ2015 ዓ.ም. ፋሲካ መቼ እንደሚውል ለማወቅ ሊቁ እንዲህ ያሰላል። በ5500 ላይ 2015 ደምሮ 7515 ያገኛል። ይህን ለ4 ሲያካፍል 3 ይተርፈዋል፤ ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ በመጨረሻውም ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ያንኑ 7515 ለ19 ሲያካፍል 10 ይተርፈዋል፤ አንዱን ትቶ 9ን ወንበር ይለዋል። 9ን በ19 አባዝቶ ከ171 ላይ ሠላሳ ሠላሳውን ሲያነሣ 21 መጥቅዕ ይቀርለታል። መስከረም 21 በዚያ ዓመት ቅዳሜ ስለ ዋለ፣ የቅዳሜን ተውሳክ 8 ጨምሮ 29 ያገኛል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 29 ቀን ይገባል። ከዚያ 69 ቀን ቈጥሮ ሚያዝያ 8 ቀን ፋሲካ ነው ይላል። በእውነትም በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ የተከበረው በዚሁ ቀን ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውልልኝ። ሊቁ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም። ዓመቱ ተሰጠው፤ አሰላ፤ መልስ ሰጠ። ያለፈውንም የሚመጣውንም ዓመት ቢሰጡት እንዲሁ ያሰላል። ተማሪውም የተማረውን ለመፈተን ዘመነ ሉቃስ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ፋሲካው የታወቀ ያለፈ ዓመት ወስዶ ዛሬውኑ ራሱን ይፈትናል። ፕሮግራምም እንዲህ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

አሠራሩም ቀላል ነው። የዕዳውን ቀን የሚመረምረው ክፍል ሁለት ነገር ከውጭ ይሰጠዋል፤ አንደኛው የመክፈያው ቀን፣ ሁለተኛው «ዛሬ» የተባለው ቀን ነው። እርሱ ሁለቱን አስተያይቶ መልስ ከመስጠት በቀር ሌላ አያውቅም። በሥራ ጊዜ እውነተኛውን ዛሬ እንሰጠዋለን፤ በፈተና ጊዜ ግን ጳጉሜን 5ን፣ ጳጉሜን 6ን፣ መስከረም 1ን እየቀያየርን በአንድ ሰኮንድ ውስጥ የብዙ ዓመት ቀኖችን እናሳልፈዋለን። እርሱም አይለየውም፤ መለየትም የለበትም።

አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ አንድ ቀን ቢነገረው አይበቃውም፤ እየቈየ ሰዓት ማየት ያስፈልገዋል። ለምሳሌ «ከ14 ቀን በኋላ ለእናቲቱ የክትባት መልእክት ላክ» የተባለ ፕሮግራም እንዲህ ነው። ለዚህ ዐይነቱ ቀን ሳይሆን ሰዓት ራሱን እንሰጠዋለን። በሥራ ጊዜ የሚሄደውን ሰዓት፣ በፈተና ጊዜ የቆመውን ሰዓት። የቆመ ሰዓት በቤት ግድግዳ ላይ ለምንም አይረባም፤ ለፈተና ግን ከእርሱ የተሻለ የለም፤ ምክንያቱም እኛ ስንፈልግ ብቻ 14 ቀን ወደ ፊት ይገፋል፤ መልእክቱ መላኩን አለመላኩን ሳንጠብቅ ወዲያው እናያለን።

ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። አንደኛ፣ እውነተኛው ሰዓት የሚታየው በፕሮግራሙ በር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ ያው የታየው ቀን ለሁሉም ክፍል ይተላለፍ። በየክፍሉ እንደ ገና የሚታይ ከሆነ በመካከሉ እኩለ ሌሊት ቢያልፍ፣ የአንድ ደረሰኝ ራሱ በትናንት ግርጌው በዛሬ ይጻፋል። ሁለተኛ፣ ቀኑ የየት አገር ቀን እንደ ሆነም አብሮ ይነገር። በውጭ አገር የተቀመጡ ብዙ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ለእነርሱ ገና ትናንት ነው። የእኛ የጧት 3 ሰዓት በእነርሱ አጠራር 9 መሆኑ ሲጨመርበት፣ ሳይፈተን የሚያልፍ ነገር ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ የታወቁ ኩባንያዎችም ወድቀውበታል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ማለት በፈረንጆች የ2008 የመጨረሻ ቀን፣ ዙን የተባለው የማይክሮሶፍት የሙዚቃ ማጫወቻ ባለ 30 ጊጋባይቱ ዐይነት ባንድ ቀን ደርቆ ቀረ። ምክንያቱም ዓመቱ 366 ቀን ስለ ነበረ፣ ቀን የሚያሰላው ክፍል 366ኛው ቀን ላይ ሲደርስ መውጫ አጥቶ በአንድ ቦታ ሲዞር ዋለ። እንደ ገናም የካቲት 21 ቀን 2004 ዓ.ም. በእነርሱ የካቲት 29 ነበረ። በዚያ ቀን አዙር የተባለው የዚሁ ኩባንያ አገልግሎት ለብዙ ሰዓት ተሰናከለ። ለአንድ ዓመት የሚያገለግል ማረጋገጫ የሚሰጠው ፕሮግራም በዓመቱ ላይ 1 ብቻ ጨምሮ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሌለችውን የካቲት 29ን ጽፎ ነበርና። ቀኑ ከውጭ የሚሰጣቸው ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ስሕተት አንድ ተማሪ በአንድ ፈተና ሊይዛቸው ይችል ነበር።

ዓለምም ከዚህ ተምሯል። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ2006 ዓ.ም. በወጣው 8ኛ እትሙ ከውጭ የሚሰጥ ሰዓት፣ የቆመውንም ጨምሮ፣ አዘጋጅቶ አቀረበ። የማይክሮሶፍት ዶትኔትም በ2016 ዓ.ም. በወጣው 8ኛ እትሙ ተመሳሳዩን አደረገ። የኢትዮጵያን የዘመን አቈጣጠር የሚያውቁ የተዘጋጁ ጽሑፎችም አሉ፤ ጆዳ ታይምና አይሲዩ የተባሉት ጳጉሜንን ያውቃሉ። ነገር ግን እነርሱ ጳጉሜንን ማወቃቸው የእኛ ፕሮግራም በጳጉሜን መፈተኑ ማለት አይደለም። ጥሩ ሚዛን መግዛትና በትክክል መመዘን የተለያዩ ናቸው።

ከፊታችን ያለውንም አንድ ቀን ልጠቁም። ብዙ ኮምፒዩተሮች ጊዜን የሚይዙት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉትን ሰኮንዶች በመቍጠር ነው። በአሮጌው አሠራር ይህ ቍጥር ከ2,147,483,647 በላይ ሊያልፍ አይችልም። መያዣው የሚሞላውም በእኛ አቈጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከማለዳው 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰኮንድ ላይ ነው። ይህ የጥምቀት ማለዳ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በአሮጌው አሠራር የቀሩ ፕሮግራሞች በዚያ ማለዳ ከአንድ ሰኮንድ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ቀን ከውጭ የሚሰጠው ፕሮግራም የጻፈ ሰው ግን ያችን ማለዳ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሊሞክራት ይችላል።

«ሥራ ይበዛል» የሚሉም አሉ። የሚጨመረው ሥራ በቅንፍ ውስጥ አንድ ቃል መጻፍ ነው። የሚቀረው ሥራ ግን ከመስኮት ፊት የሚነሣው ክርክር፣ ተመላላሹ ሰው፣ የሚታረመው መዝገብ ነው። የትኛው እንደሚበዛ ለአንባቢ ፍርድ እተዋለሁ።

በእኔ አስተያየት ግን ዋናው ጥቅም ሌላ ነው። ፈተናው ራሱ 6 ወር ስንት ቀን እንደ ሆነ አይወስንም፤ ያን የሚወስኑት ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ጸሐፊው «ሰኔ 15 ተበድሮ ታኅሣሥ 15 የከፈለ ሰው ዘግይቷልን?» የሚለውን ጥያቄ ሲጽፍ ከጎኑ መልሱን መጻፍ ግድ ይሆንበታል። መልሱን ካላወቀ ሄዶ ይጠይቃል፤ አበዳሪውም ለገበሬው ምን ብሎ ቃል እንደ ገባ አስቦ ይመልሳል። እንዲህ ሆኖ ነገሩ መቀጫ ከመጻፉ በፊት በሰዎች መካከል ይነሣል። ፕሮግራሙ ሰዓቱን በራሱ የሚወስድ ከሆነ ግን ጥያቄው ሳይጠየቅ ይቀራል፤ መልሱን መጀመሪያ የሚሰማው ከፋዩ ይሆናል።

ስለዚህ ፕሮግራም መጻፍ የጀመራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ቀን የሚነካ ማናቸውንም ሥራ ስትጽፉ «ዛሬ»ን ከውጭ አስገቡ። ከዚያም ቢያንስ በእነዚህ ቀኖች ፈትኑት፤ በጳጉሜን 5፣ በጳጉሜን 6፣ በመስከረም 1፣ የበጀት ዓመት በሚዘጋበት በሰኔ 30ና በሚከፈትበት በሐምሌ 1፣ በፈረንጆች የካቲት 29፣ እንዲሁም ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ። መምህራንም የእኛን ሥራ ሲያርሙ ዛሬ መሥራቱን ብቻ አይተው ሙሉ ማርክ እንዳይሰጡን፣ «በጳጉሜን 6 አሳየኝ» እንዲሉን በትሕትና እለምናለሁ። በውጭ አገር የተጻፈ ፕሮግራም ጳጉሜንን ቢረሳ ወሯን ስለማያውቃት ነው እንል ይሆናል፤ እኛ ግን በየዓመቱ የምንሻገራት ስለ ሆንን ይህ ምክንያት አይቀበለንም።